መድኃኒቱ በነፃ፣ በሩ ግን በአደባባይ፦ በሰሜን ሸዋ የአንድ ሆስፒታል የኤ አር ቲ ክሊኒክ ሲመዘን

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ የሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል በኤ አር ቲ፣ ማለትም በፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ክሊኒኩ፣ ቫይረሱ በደማቸው ላለባቸው ታካሚዎች የሚሰጠውን አገልግሎት ይመዝናል። የሆስፒታሉን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ስሙ ቢነሣ ነቀፌታው የሚያርፈው ሕንፃውን በነደፉትና በጀቱን በመደቡት ላይ ሳይሆን ጠዋት ማታ ታካሚ በሚያስተናግዱት ነርሶች ላይ ይሆናል፤ እነርሱ ደግሞ በአብዛኛው ምስጋና የሚገባቸው ናቸው። እኔ የክሊኒኩ ታካሚ ነኝ። መድኃኒት የጀመርኩት በሌላ ከተማ ሲሆን፣ ሥራዬ ወደዚህ ሲያመጣኝ በዝውውር ደብዳቤ ገብቼ ክትትሌን እዚሁ ቀጥያለሁ። በአጭሩ ለመናገር፣ ከበሩ ውስጥ ያለው ሕክምና በብዙ ነገር የሚያስመሰግን ነው፤ እስከ በሩ ያለው መንገድ ግን፣ በተለይ ለወንዶች፣ ከሚገባው በላይ አስቸጋሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከመድኃኒቱ ልጀምር። በሀገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን ይሰጡ ከነበሩት መድኃኒቶች አንዱ የነበረው ስታቩዲን የጉንጭን ሥጋ እያሟሸሸ የሰውን ፊት ይለውጥ ስለ ነበር፣ በሽታውን የደበቀ ሰው መድኃኒቱን ሊደብቅ አይችልም ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ይህን መድኃኒት ቀስ በቀስ እንዲተዉት የመከረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተጠቀምንበት ኤፋቪረንዝ ያለበት ክኒን ፊትን ባይነካም ሌሊቱን በቅዠት ይሞላው ነበር፤ ሲነጋም ራስ ያዞራል። አሁን ክሊኒኩ የሚሰጠው በታካሚዎች ዘንድ ቲ ኤል ዲ በመባል የሚታወቀውን፣ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድነት የያዘውን ክኒን ነው። በቀን አንዴ ይወሰዳል፤ ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ መውሰድ ይቻላል፤ የቫይረሱንም መጠን ከቀድሞዎቹ በፈጠነ ጊዜ ያወርዳል። በክትትሌ ዘመን መድኃኒት ጠፍቶ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ጊዜ የለም፤ ይህንም የምለው መንገድ በተዘጋባቸው ወራት የነበረውን ሁኔታ ጨምሬ ነው።

የፋርማሲው ባለሙያ ለብቻው ሊወደስ ይገባዋል። ዶሉቴግራቪር የጨጓራ ማስታገሻ ከሚባሉት አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ካለባቸው መድኃኒቶች ጋር ባንድነት ከተወሰደ ሰውነት በሚገባ አይቀበለውም፤ ስለዚህ ክኒኑ ማስታገሻው ከመወሰዱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ከስድስት ሰዓት በኋላ መወሰድ አለበት። ጨጓራ የሌለበት ሰው ለማግኘት በሚያስቸግርበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እኔም በቀድሞው ክሊኒኬ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። የዚህ ክሊኒክ ባለሙያ ግን ለእያንዳንዱ ታካሚ «ለጨጓራ የምትወስደው ነገር አለ?» ብሎ ሳይጠይቅ ብልቃጥ አያቀብልም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለጀመረ ሰውም፣ በውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን ዶሉቴግራቪርን ስለሚያዳክም፣ ተጨማሪ ዶሉቴግራቪር በአሥራ ሁለት ሰዓት ልዩነት እንደሚሰጥ በትዕግሥት ሲያስረዳ ሰምቻለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ብልቃጡ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ክኒኑ የሚሰጠው በነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው፤ ብልቃጡም በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኳኳል። በሚኒባስ ውስጥ መኪናው በጉድጓድ ባለፈ ቁጥር ከጭን ላይ ካለ ቦርሳ የሚወጣውን ያንን ድምፅ የክሊኒኩ ታካሚ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሌላ ታካሚ አጠገብ ቢቀመጥም ያውቀዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ከሆስፒታሉ ግቢ ሳይወጣ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ክኒኑን በፌስታል ይገለብጥና ብልቃጡን ይጥለዋል። ይህ ልማድ ጉዳት አለው፤ ብልቃጡ ውስጥ የሚገኘው ትንሽ ከረጢት እርጥበት የሚመጥ ነገር ያለበት ሲሆን፣ ክኒኑ ያለ እርሱ በፌስታል ውስጥ ለወራት ከቆየ እንደ ነበረ ለመቆየቱ ዋስትና የለም። ፋርማሲው ይህን ያውቃል፤ በግድግዳው ላይም «ክኒኑን ከብልቃጡ አታውጡ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ነገር ግን ከልካይ ወረቀት ከመለጠፍ ይልቅ ብልቃጡ እንዳይንኳኳ በአፉ በኩል ንጹሕ ጥጥ መጠቅጠቅ እንደሚቻል ቢያሳይ የበለጠ ይሰማ ነበር። እኔ ይህን ዘዴ የተማርኩት ወረፋ ላይ አጠገቤ ከተቀመጡ አንዲት እናት ነው።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው የስድስት ወር ቀጠሮውን ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ በጀመረው አሠራር መሠረት፣ የቫይረሱ መጠን ዝቅ ያለለትና ጤንነቱ የተረጋጋ ታካሚ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ የስድስት ወር መድኃኒቱንም ባንድ ጊዜ ይወስዳል። ይህ አሠራር ለከተማ ሰው ምቾት ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወይም ከጀማ በረሃ ማዶ ለሚመጣ ሰው ግን ሕክምናውን የመቀጠልና የማቋረጥ ጉዳይ ነው። የመንዝ ደጋ በክረምት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ፣ የመርሐቤቴን ቁልቁለትና ዳገት በእግሩ የወጣ የወረደ ሰው፣ በየወሩ ለአንድ ብልቃጥ ያንን መንገድ መመላለስ ምን ማለት እንደ ሆነ አይነገረውም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ሲዘጉ ብዙዎችን ያተረፋቸው በቤታቸው ተቀምጦ የነበረው ይኸው መድኃኒት ነው። ቀጠሮው በዚያ ወራት የደረሰበት ሰው ግን ተቸግሯል። ክሊኒኩ በዚህ ጊዜ ያሳየውን ቅን አሠራር መመስከር እወዳለሁ፦ ከሌላ ወረዳ ተፈናቅሎ ካርዱም የዝውውር ደብዳቤውም በእጁ የሌለ ሰው፣ ባዶ ብልቃጡን አሳይቶ ወይም የሚወስደውን ክኒን መልክ በቃል ተናግሮ የአንድ ወር መድኃኒት ሲሰጠው አይቻለሁ። ወረቀቱ በኋላ በስልክ ተጣርቶ ተሟላ። ወረቀት ይቅደም ቢባል ኖሮ ሰውየው ዝግ መንገድ ይዞ ይመለስ ነበር።

ላቦራቶሪው በዚህ ልክ አያስመሰግንም። የቫይረስ መጠን ምርመራ ለተረጋጋ ታካሚ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ሲሆን፣ ናሙናው ሌላ ከተማ ወዳለ ማእከል ይላካል፤ ውጤቱም ሲመለስ በታካሚው ፎልደር ውስጥ ይገባና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ይጠብቃል። ቀጠሮው የስድስት ወር ከሆነ ውጤቱም ለስድስት ወር ያህል ሰው ሳያየው ሊያድር ይችላል ማለት ነው። ከፍ ያለ ውጤት ሲገኝ ስልክ እንደሚደወል አውቃለሁ፤ መልካም ውጤት ሲገኝ ግን ማንም አይደውልም። ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት የምቆጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ሊታይ ከማይችልበት ደረጃ የወረደለት ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም፤ ይህ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥንዶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የተረጋገጠ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የተቀበለው እውነት ነው። ይህን ዜና ለማግባት ላሰበ ወጣት ወይም ባሏን ላጣች ሴት በጊዜ መንገር ከብዙ ምክር ይበልጣል። ነርሷ ፎልደሬን ገልጣ «ያንተ አይታይም፤ በርታ» አለችኝና ወደሚቀጥለው ታካሚ ዞረች። «አይታይም» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ሳያውቅ ደንግጦ የወጣ ሌላ ታካሚ በኋላ ኮሪደር ላይ አግኝቼ ያስረዳሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ፤ ዋናው ነገሬ እዚህ ስለ ሆነ ጥቂት እቆያለሁ። ክሊኒኩ የሚገኘው ከዋናው ሕንፃ በስተጀርባ፣ ለብቻው በተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ለብቻው መሆኑ በመጀመሪያ እንደ ጥበቃ ታስቦ ይመስለኛል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆኗል። ወደዚያ ቤት የሚወስደው የኮብልስቶን መንገድ ወደ ሌላ የትም አያደርስም፤ ስለዚህ መታጠፊያው ላይ እግሩን ያዞረ ሰው ለምን እንደ መጣ በካፍቴሪያው በረንዳ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ያውቃል። ከቤቱ ፊት ለፊት ረዥም የእንጨት አግዳሚ ወንበር አለ፤ በደጋው ብርድ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ሲቀመጥበት ለብርዱ ነው ወይስ ለፊቱ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። በካርድ ክፍል የእኛ ፎልደር ከሌላው የሚለይ የቀለም ምልክት አለው። ካርድ አውጪዋ ደግሞ፣ ክፋት ኖሯት ሳይሆን ልማድ ሆኖባት፣ «የኤ አር ቲ ሰዎች በዚህ በኩል!» እያለች በታላቅ ድምፅ ትጣራለች። በቁጥር መጥራት ገንዘብ አይጠይቅም። ሥር የሰደደ በሽታ ያለባቸውን ሁሉ፣ ማለትም የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎችን፣ በዚያው ቤት ማስተናገድም አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ እንዲያ ቢሆን ያ መታጠፊያ የማንንም ምሥጢር አያወጣም ነበር። በቀድሞው ከተማዬ የነበረው ክሊኒክ ሕክምናው ከዚህ ቢያንስም ይህን አድርጎ ነበር፤ አንድም ቀን ፊቴን ሸፍኜ የገባሁበት ጊዜ አልነበረም።

የዚህ ውጤት በወረፋው ላይ በግልጽ ይታያል። ከአግዳሚው ወንበር ላይ የሚበዙት የከተማው ሰዎች ሳይሆኑ ከሌላ ወረዳ የመጡ ናቸው፤ የከተማው ሰው ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ይታከማል። በአንድ መስመር ላይ ሁለት አውቶቡሶች ታካሚ ጭነው በተቃራኒ አቅጣጫ ይተላለፋሉ ማለት ነው። መድኃኒቱ በየወረዳው ጤና ጣቢያ በነፃ እያለ ሰው የትራንስፖርት፣ የምሳና የአንድ ቀን ሥራ ዋጋ ከፍሎ የሚሸሸው ጎረቤቱን ነው።

ይህ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ዘመዴ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው፤ በዋሽንግተንና በአካባቢው ሐበሻውና ከኤል ሳልቫዶር የመጣው ስደተኛ ጎን ለጎን የሚኖሩበት ሰፈር ብዙ ስለ ሆነ፣ ደንበኞቹ አብዛኞቹ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው። ስለ ክሊኒኬ ሳጫውተው የነገረኝ ነገር አስገርሞኛል። በዚያ አገር ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ የሚባለው ማኅበረሰብ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ የማይሞላ ሲሆን፣ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል እ.ኤ.አ. ለ2022 ባወጣው ግምት በዓመቱ በኤች አይ ቪ አዲስ ከተያዙት ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከዚሁ ማኅበረሰብ ናቸው፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚያደርጉ ወንዶች ናቸው። መድኃኒት በሌለበት አገር ቢሆን ይህ አያስደንቅም። አሜሪካ ግን አስቀድሞ የሚወሰደውን መከላከያ ክኒን እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀች፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነና በቂ መድን ለሌለው የኤች አይ ቪ ታካሚም እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ራያን ዋይት በተባለ ሕግ ገንዘብ የመደበች አገር ናት።

ታዲያ ሰዎቹን ከመድኃኒቱ የሚለያቸው ምንድን ነው? የጤና መድን አለመኖሩ አንድ ነው። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ለሐኪም ቤት ብሎ ከቀረ የዕለት ደመወዙን ያጣል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ደግሞ ስሙን የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ሁሉ ያስፈራዋል፤ ሐኪሙም የእርሱን ቋንቋ ካልተናገረ በአስተርጓሚ በኩል ምሥጢሩን ማውጣት ይኖርበታል። ዘመዴ እንደሚለው ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ይኸኛው ነው፤ አስተርጓሚው የአገሩ ልጅ ነውና ነገሩ ቤተ ክርስቲያንና ቤተሰብ ዘንድ እንዳይደርስ ይፈራል። ስለዚህ በሰፈሩ ያለውን ክሊኒክ ትቶ ባቡር ተሳፍሮ ሩቅ ይሄዳል። በዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው ላ ክሊኒካ ዴል ፑዌብሎ የተባለው ክሊኒክ ለላቲኖ ስደተኞች በገዛ ቋንቋቸው ሕክምና በመስጠት የታወቀ ሲሆን፣ ለኤች አይ ቪ ምርመራና ሕክምናም ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። እኔ ከመርሐቤቴ ተነሥቶ እኛ ዘንድ የሚታከመውን ሰው አሰብኩ። ሁለቱን ሰዎች የሚለያቸው ብዙ ነው፤ የአውቶቡስ ትኬቱ ምክንያት ግን አንድ ነው።

ከላይ የጠቀስኳቸው ዓይነት፣ ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚያደርጉ ወንዶች በእኛ ዘንድ የሉም የሚል ካለ ራሱን ማታለል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 እንዲህ ያለውን ግንኙነት በወንጀልነት ያስቀጣል፤ ማኅበረሰቡም ሃይማኖቱም አጥብቀው ያወግዙታል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለ ሕጉ መከራከር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የአገልግሎት ገምጋሚ ሆኜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ቫይረስ የግንኙነቱን ዓይነት አይመርጥም፤ ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ታሞ ቢመጣ ክሊኒኩ ምን ይጠይቀዋል? በክሊኒኩ የአጋር ምርመራ ቅጽ አለ። አዲስ ታካሚ ሲመዘገብ ሚስቱን፣ ልጆቹንና ሌላ የግንኙነት አጋር ካለው እርሷን እንዲያስመዘግብ ይጠየቃል፤ ጥያቄው የሚቀርበውም ሌላ ታካሚ በተቀመጠበት ክፍል፣ መጋረጃ እንኳ በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሚስት አለኝ ብሎ የሚዋሽ እንጂ እውነቱን የሚናገር ሰው አይገኝም፤ የወህኒ ነገር ያለበት ሰው ቀርቶ፣ ከሴተኛ አዳሪ ዘንድ የሄደ ባለትዳር እንኳ አይናገርም። እኔ ሳስብ መፍትሔው ቀላል ነው። ለሕክምናው የማያስፈልገውን አለመጠየቅ፣ የሚያስፈልገውን በተዘጋ በር መጠየቅ፣ ለአጋሩም የሚወስደው በምራቅ የሚሠራ የራስ መመርመሪያ ኪት ስም ሳይጻፍ መስጠት ነው። ኪቱ በክሊኒኩ መደርደሪያ ላይ አለ። ማንም ግን ካልጠየቀ አይሰጠውም፤ መኖሩንም የሚናገር አንድ ወረቀት አልተለጠፈም። ፈቃደኛ የሆነች ነርስ ኪቱን አሳይታኛለች፤ ድድን በመጥረጊያው ዘንግ ካበሱ በኋላ በፈሳሹ ውስጥ አቁሞ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነው። ሁለት መስመር ከታየ በጤና ተቋም መረጋገጥ አለበት።

ወንዶች በጠቅላላው በዚህ ክሊኒክ እንደ እንግዳ የሚታዩ ይመስለኛል። ሴት በእርግዝና ክትትል ጊዜ ትመረመራለች፤ ሐኪም ቤት የምትሄድበት ምክንያትም ብዙ ነው። ወንዱ ግን እስኪወድቅ ድረስ አይመጣም፤ ሲመጣም ሳንባ ነቀርሳ ይዞ ነው። በ2010 ዓ.ም. ገደማ በአገሪቱ ከተሞች በተደረገው ሰፊ የቤት ለቤት ጥናት፣ ቫይረሱ በደማቸው ከተገኘ አዋቂዎች መካከል መያዛቸውን አስቀድመው ያውቁ የነበሩት ከመቶ 79 ያህሉ ነበሩ፤ ካወቁት መካከል ግን መድኃኒት የጀመሩት ከመቶ 97 ያህል ሲሆኑ፣ ከጀመሩትም ከመቶ 88 ያህሉ የቫይረሱ መጠን ወርዶላቸዋል። እነዚህ ቁጥሮች እኔ በዓይኔ ከማየው ጋር ይገጥማሉ። የገባው ሰው ሕይወቱ ይተርፋል፤ ችግሩ ያልገባው ነው። ይህ ዞን የደሴ መንገድ ከባድ መኪናዎች የሚያድሩበት፣ በደብረ ብርሃን የቢራና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ወጣት ሠራተኛ የሚሰበስቡበት፣ በሸዋ ሮቢት ቆላ የቀን ሠራተኛ የሚርመሰመስበት ነው። እነዚህ ሰዎች ክሊኒኩ በሚከፈትበት ሰዓት ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። ሥራው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላም ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ቅዳሜ መድኃኒት አይሰጥም። በሳምንት አንድ ምሽት ቢከፈት ሹፌሩም የፋብሪካ ሠራተኛውም ይመጣ ነበር።

ስለ ጸበል ሳላነሣ ባልፍ ይህን ዞን አላውቀውም ማለት ነው። ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም በዚሁ ሰሜን ሸዋ ናቸው፤ ከክሊኒኩ ታካሚዎች ሱባኤ ያልገባ ጥቂት ነው። በቀድሞ ዘመን በጸበሉና በመድኃኒቱ መካከል የነበረው ጠብ ብዙ ሰው ቀብሯል፤ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ሁለቱንም እንዲወስዱ በይፋ ማስተማራቸው ታላቅ ነገር ነበር። በዚህ ረገድ ክሊኒኩን አንድም የምነቅፍበት ነገር የለኝም። አንድ ከመንዝ የመጡ አዛውንት ለነርሷ «ልጄ፣ ሱባኤ ልገባ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ይህ ነገር በባዶ ሆድ ይጎዳኛል?» ሲሏት፣ እርሷም «ኧረ አባቴ፣ ይሄኛው በባዶ ሆድም ምንም አይልዎትም። ማታ ከእህል በኋላ ይውሰዱት፤ ብቻ ሰዓቱን አያዛንፉብኝ። ጸበሉንም ይጠመቁ፣ ለእኔም ይጸልዩልኝ» አለቻቸው። ሽማግሌው ብልቃጡን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው እየመረቋት ወጡ። አስቀድማም የሱባኤውን ቀን ቆጥራ የሚበቃቸውን ክኒን ሰጥታቸው ነበር።

አንድ የጎደለ ነገር አለ፤ እርሱም የቁርኝት ደጋፊዎቹ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ አዲስ ታካሚን አጠገብ ተቀምጠው «እኔም እንዳንተ ነበርኩ» ብለው የሚያጽናኑ፣ ቀጠሮ ላሳለፈ ሰው የሚደውሉ፣ ሲያስፈልግም ቤቱ ድረስ የሚሄዱ ነበሩ። ደመወዛቸው ከውጭ እርዳታ የሚመጣ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም የጤና ሚኒስቴር በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ አደረገ። በእኛ ክሊኒክ የእነርሱ ወንበር ባዶ ሆኗል፤ መድኃኒቱ ግን አልተቋረጠም። አሁን ነርሷ ታክማለች፣ ትመዘግባለች፣ ትደውላለችም፤ ለመደወሉ ግን ጊዜ ስለማይተርፋት ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው የሚታወቀው ታሞ ሲመጣ ነው። ሆስፒታሉ ከራሱ ገቢ አንድ ሰው እንኳ ለዚህ ሥራ ቢቀጥር በጀቱን የሚያናጋ አይመስለኝም።

ወደዚህ ክሊኒክ ለመዛወር የሚያስብ ሰው ቢኖር የሚከተለውን ይወቅ። ከቀድሞው ክሊኒክ የዝውውር ደብዳቤ ይያዝ፤ በደብዳቤው ላይ የመጨረሻው የቫይረስ መጠን ውጤትና ቀኑ መጻፉን ያረጋግጥ፤ ካልተጻፈ የስድስት ወር ቀጠሮውን እንደ አዲስ ለማግኘት ይዘገያል። ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው፤ ለሌላ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት ግን ስለሚከፈልበት የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተር ያለው ይዞ ይምጣ። ሰኞና የገበያ ቀን ወረፋው ግቢውን ይሞላዋል። ረቡዕና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ወንበር ባዶ ስለሚሆን፣ ሰው እንዳያየው የሚፈልግ በዚያ ሰዓት ይምጣ፤ ከካፍቴሪያው በኩልም ሳይሆን ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለው በትንሹ በር ይግባ። ጥበቃው ወዴት ነው ብሎ አይጠይቅም።